ጉልሕና ረቂቅ

አሶሳ ላይ የታፔላ ዕድሜ በክረምት ነው የሚቆጠረው። በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ የሚጀምረው ዝናብ እስከ ጥቅምት አይለቅም፤ እሱ ሲለቅ ደግሞ ፀሐይዋ ትረከባለች። ላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ጥቂት ክረምት ከዘነበበት መጀመሪያ የሚላጠው ቀጭኑ መስመር ነው። ወፍራሞቹ ቋሚዎች ከነዝገታቸው ይቆያሉ። ከቋሚ ወደ ቋሚ የሚሻገረው፣ ከጎን ብቅ የሚለው፣ ከእግር ሥር የሚዞረው ግን ብን ብሎ ይጠፋል። በልጅነቴ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ «ሱቅ» የነበረው «ሰቅ»፣ «ቡና ቤት» የነበረው «በና በት» ሆኖ ቆሞ አየው ነበር። ትልልቆቹ ግራ አይጋቡም፤ ወደ ሱቁ የሚሄዱት ባለቤቱን ስለሚያውቁ እንጂ ታፔላውን አንብበው አይደለም። የሚጨነቀው ማንበብ ገና የለመደ ልጅ ነው።

ቤተሰቦቼ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። የተወለድኩት በአሶሳ ዙሪያ አምባ እየተባሉ ቁጥር ከተሰጣቸው መንደሮች በአንዱ ነው። አንድ ቃልና አንድ ቁጥር፤ ለታፔላ ጸሐፊ ከዚህ የቀለለ አድራሻ የለም። የመንደራችንን ታፔላ የጻፉት ጋሼ ነበሩ። የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና የመጡ የአገር ልጅ ናቸው። ወሎ ሳሉ ቁርዓን ቤት ገብተው ሉህ ላይ ጽፈዋል። አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ግን ጎልማሳ ሆነው፣ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዛሬ ሳስበው ዓይናቸው የተለየ የሆነው በዚህ ይመስለኛል። እኛ በልጅነታችን «ሀ ሁ» እያልን በዜማ ስለቆጠርነው ቅርጹን ማየት አቁመናል፤ እሳቸው ግን ፊደልን ያገኙት ሌላ ጽሕፈት በእጃቸው ላይ እያለ ነው። ያስተያዩት ነበር።

የሥራ ቦታቸው ከገበያው ጀርባ፣ በሽመል የታጠረች ጠባብ ጎጆ ነበረች። ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ ብሩሽ አጥባለሁ። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ይደርቃል። ከዚያ ከሰል የተቀባ ክር ከጫፍ ጫፍ ይወጠርና በጣት ተስቦ ይለቀቃል፤ ጧ ሲል ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ይተዋል። አንዱ መስመር ለራስ፣ አንዱ ለእግር። በእርሳስ የሚነድፉት ቃሉ ላሜራው ላይ ይበቃ እንደሆነ ለማየት ያህል ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን ብሩሽ በአኳራጅ ከቀጠነ ቀለም ነክረው፣ ጠርዙን በጣሳው አፍ ላይ ጠረግ አድርገው ይጀምራሉ። ብሩሹን በጣታቸው አያዞሩትም። ጠርዙ ከክሩ መስመር ጋር ትይዩ እንደሆነ ወደ ታች ሲጎትቱት ወፍራም እግር ይወጣል፤ እንዳለ ወደ ጎን ሲያንሸራትቱት የፀጉር ያህል ይቀጥናል፤ ሰያፍ ሲሄድ መካከለኛ ይሆናል። «የምጽፈው እኔ አይደለሁም፣ አፉ ነው» ይሉኝ ነበር የብሩሹን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየነኩ።

«ሱ» ላይ ሲደርሱ ያደርጉት የነበረውን አልረሳውም። ሁለቱ ወፍራም እግሮችና የሚያገናኛቸው ቅስት ካለቁ በኋላ፣ ብሩሹን ከቀኙ እግር ወገብ ላይ አስነስተው ወደ ጎን ያወጡታል፤ ያች ቀጭን ቅጥያ ናት ሰን ሱ የምታደርገው። ሌላ ጸሐፊ እዚያ ላይ ያቆማል። ጋሼ ግን ጫፉ ላይ ሲደርሱ ብሩሹን ትንሽ ወደ ታች ጫን ያደርጉታል፤ ከቀጭኑ መጨረሻ አንዲት ትንሽ ሽብልቅ ትንጠለጠላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው «ዝናቡ ቀጭኑን ቢወስደው እሷ ትቀራለች፤ ያየ ሰው ሱ መሆኑን ያውቃል» አሉኝ። በእርግጥም የእሳቸው ታፔላዎች ሲያረጁ ከእግሩ አጠገብ አየር ላይ የቀረች ነጥብ ትታይ ነበር፤ ዓይን ራሱ መስመሩን ይሞላዋል።

ቀለም ሲያልቅ፣ ወይም ዝናብ ሲይዘን፣ ሽመል ይቀርጹልኝ ነበር። የቆላ ሽመል ውስጡ ድፍን ነው፤ እንደ መቃ ክፍት ስላልሆነ ቀለም አይዝም፣ በየሁለት ፊደሉ መንከር ያስፈልጋል። ቢሆንም አፉን በቢላ ጠፍጥፈው ይቆርጡትና በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ያስጽፉኛል። አንድ ቀን በአንዱ ብዕር ሁለት መስመር ጻፉ፤ ላይኛው በዐረብኛ፣ ታችኛው በአማርኛ። ዐረብኛውን ሲጽፉ አፉን ሰያፍ ያዙት፤ ወገቡ ላይ የተጋደመው መስመር ወፈረ፣ የቆመው ቀጠነ። አማርኛውን ሲጽፉ አፉን አስተኙት፤ የቆመው ወፈረ፣ የተጋደመው ቀጠነ። ምንም አላብራሩም፤ ወረቀቱን አገላብጠው አሳዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስለ ፊደል ቅርጽ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ለዚያች የሲሚንቶ ወረቀት ማብራሪያ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ሌላ ዓለም ነው። የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና መስመሩ ሁሉ አንድ ውፍረት አለው። የአማርኛን ፊደል በሙሉ በአንድ መኪና ላይ መደርደር ስለማይቻል ቅጥያዎቹ ለብቻቸው ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል፤ ታይፒስቷ መጀመሪያ ሰን፣ ከዚያ ቅጥያዋን ትመታለች፤ ቅጥያዋም አንዳንዴ ትጠጋለች፣ አንዳንዴ ትርቃለች። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሊፈጥሩ ሲነሡ የገጠማቸው ፈተና ይኸው የፊደል ብዛት ነበር፤ የተገኘው መፍትሔ ውበቱን ቢቀንስም ደብዳቤውን አፍጥኗል። በስቴንስል የተባዛ የፈተና ወረቀት ላይ ቀለሙ ቢፈስም ፊደሉ ይነበባል፤ ለመጥፋት የሚቸኩል ቀጭን የለበትምና። የሪፖርት ሽፋን ሲሆን ግን ጋሼ ይጠራሉ። ውስጡ በታይፕ፣ ፊቱ በእጅ፣ ያውም በትልቁ፣ በጥቁርና በቀይ። ማንም «ርእስና ሐተታ የተለያየ ፊደል ይፈልጋሉ» ብሎ ያስተማረ የለም፤ ሥራው ራሱ ነው የለየው።

ኮምፒውተር አሶሳ ሲደርስ ሁለተኛ ደረጃ እየተማርኩ ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በፍሎፒ ዲስክ እየተዞሩ ይገቡ ነበር። የእነዚያን ፕሮግራሞች ባሕርይ የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ በአንዱ የተጻፈ ፋይል ሌላው ሲከፍተው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅልቅ ይሆናል፤ ፋይሉን የሚወስድ ሰው ፎንቱንም አብሮ ካልወሰደ ባዶ እጁን ሄደ ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ቢያገኝም ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው በብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው። ለእኔ ያኔ ትልቁ ነገር የፎንት ዝርዝሩ ነበር። አንዱን ስትጫን ጽሑፉ ሁሉ የብራና ይመስላል፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ክር። ጋሼ በአንድ ሰዓት የሚሠሩትን ቃል ማሽኑ ባንድ ጠቅታ ያወጣዋል። ልጅ ነበርኩና ደስ አለኝ፤ የእሳቸው ደንበኛ እያነሰ መሄዱ የታየኝ ቆይቶ ነው።

ኮምፒውተር ቤቶቹ ያን ባለክር ፎንት ወደዱት። ለሠርግ ካርድ የተሠራ ያህል ነበር፤ የሙሽራና የሙሽሪት ስም በትልቁ ሲወጣ ያምር ነበር። ችግሩ የመጣው ካርዱ ላይ ያማረውን ወደ ሁሉም ነገር ሲያወርዱት ነው። ማመልከቻ በእሱ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በእሱ፣ የዕቃ ዋጋ ዝርዝር በእሱ፣ ያውም በ10 እና በ11 መጠን። ሌዘር ፕሪንተር ያወጣው የመጀመሪያው ቅጂ ይነበባል፤ ፎቶኮፒው ያመነምነዋል፤ የፎቶኮፒው ፎቶኮፒ ይጨርሰዋል። አንድ ትምህርት ቤት በሰሌዳው ላይ የለጠፈውን የፈተና ውጤት አስታውሳለሁ። «ሸምሱ» «ሰምሰ» ሆኗል። «ኸዲጃ» «ከዲዳ» ሆናለች። ልጅቱ ስሟን ከላይ እስከ ታች ፈልጋ አጣችው፤ ጓደኞቿ ዓመቱን ሙሉ ከዲዳ ሲሏት ከረሙ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ስሕተት ከመሰለ አይገባንምና። በላቲን ፊደል ቀጭኑ ቢጠፋ ቃሉ ይጎዳል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቃል አይሆንም፤ አንባቢ ከቅርጹ ይገምታል። በእኛ ፊደል ግን ቀጭኑ የተሸከመው ድምፁን ነው። የካዕቡ፣ የሣልሱና የኃምሱ ቅጥያ የሚወጣው ወደ ጎን ስለሆነ፣ አፉ ተኝቶ በተያዘ ብዕር ሁልጊዜ ቀጭን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ አማርኛ በግዕዝ ላይ የጨመራቸው ፊደላት ናቸው። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ኸ ከከ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ የተወለዱት ራሳቸው ላይ አግዳሚ ተደርቦላቸው ነው። አግዳሚ ማለት ደግሞ ቀጭን ማለት ነው። ስለዚህ ግዕዝ ብቻ የሚጻፍበት ገጽ ቀጭኑ ቢደበዝዝ አናባቢው ይናጋል፤ አማርኛ ሲሆን ተነባቢውም አብሮ ይሄዳል። ኸዲጃን ከዲዳ ያደረጋት ሁለት አግዳሚ መስመር ነው።

አዲስ አበባ ስመጣ ግራፊክስ ለመሥራት ነበር፤ ወደ ፊደል የገባሁት ሥራው ሲያስገድደኝ ነው። የድሮ ጸሐፍት ይህን ችግር ማወቅ ብቻ ሳይሆን መፍትሔውን ስም አውጥተውለት እንደነበረ የደረስኩበት ያኔ ነው። ትልቁ የብራና ጽሕፈት ጉልሕ ይባላል፤ ደቃቁ ረቂቅ። ጉልሕ በጎንደር ዘመን ለነገሥታትና ለትልልቅ አድባራት በተጻፉ መጻሕፍት ላይ የምናየው፣ ሰፊ፣ እግሩ የወፈረ፣ ከአትሮንስ ላይ ከርቀት የሚነበብ ነው። ረቂቅ በትንሽ መጽሐፍ፣ በደረት ላይ በሚያዝ የጸሎት ቅጂ የሚገኘው ነው፤ በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል ያለው ልዩነት ያንሳል፣ ፊደሉ ይጠጋጋል። ጉልሕን አሳንሰህ ረቂቅ አታገኝም። ጸሐፊው ብዕሩን እንደገና ይቀርጻል፣ እጁን ይለውጣል። ኮምፒውተር ቤቶቻችን ያጡት ይህን ነው፤ አንድ ጉልሕ ብቻ ተሰጥቷቸው ሁሉንም እሱን በማሳነስ ሠሩት።

ፈረንጆቹም በሌላ መንገድ እዚያው ደርሰዋል። በፓሪስ ፊርሚን ዲዶ፣ በፓርማ ጃምባቲስታ ቦዶኒ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ያወጧቸው ፊደላት ቋሚያቸው ወፍራም፣ አግዳሚያቸው ክር ነው። ከእነሱ በፊት በርሚንግሃም ላይ ጆን ባስከርቪል ለስላሳ ወረቀትና የተሻለ ቀለም ባያበጅ ኖሮ ያ ክር ወረቀት ላይ ባልታየ ነበር። የቦዶኒ ትልቁ የፊደል መድብል የወጣው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1818፣ በሚስቱ እጅ ነው። በዚህ ዘመን የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ የምናየው ያ ረጅም፣ ቀጭንና ወፍራም የሚቀያየርበት ፊደል የእነሱ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጆናታን ሆፍለር ለሐርፐርስ ባዛር መጽሔት ዲዶን እንደገና ሲሠራው፣ አንዱን ቅርጽ ለሰባት መጠኖች ሰባት ጊዜ ነበር የሣለው፤ ክሩ በትልቁም በትንሹም እኩል ቀጥኖ እንዲታይ። ይህን ሳነብ ጉልሕና ረቂቅ ትዝ አለኝ። እሱ ሰባት ያደረገውን የእኛ ጸሐፍት ሁለት አድርገውት ነበር።

ግዕዝ በኅትመት የተገለጠው ከብዙዎቹ የእስያና የአፍሪካ ጽሕፈቶች ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ያስተማሩት ግን የእኛ መነኰሳት ናቸው። በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሆነው አዲስ ኪዳንን አወጡ። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም የፊደል ቀረጻ ሥራ አራት መቶ ዓመት ያህል በውጭ አገር አሳልፎ ነበር ማለት ነው። የዛሬዎቹ ዋና ዋና ፎንቶችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከውጭ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣውን ኒያላን ጆን ሃድሰንና ጀራልዲን ዌድ፣ በአፕል ኮምፒውተር ላይ ያለውን ከፋን ጄረሚ ሆርኑስ ሠርተውታል። ኒያላን እወደዋለሁ። የብዕሩ ጠባይ አለበት፣ ሐተታ ላይም አይደክምም። ለሽፋን ግን ልኩን ያለፈ ትሑት ነው፤ በትልቁ ሲዘረጋ ድምፁ አይወጣም።

ለሽፋን የሚሆን ባለክር ጉልሕ ልሥራ ያልኩት የምርቃት መጽሔት ሳዘጋጅ ነው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ በየዓመቱ መጽሔት ይታተማል፤ በሽፋኑ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይገባሉ። ለእንግሊዝኛው ወጣቶቹ ሁሉ ፕሌይፌር ዲስፕሌይን ይመርጣሉ፤ በነጻ የሚገኝ፣ ክላውስ ኤገርስ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የዲዶና የባስከርቪል ዘመድ ነው። አማርኛውን ደግሞ አንድ ውፍረት ባለው ፎንት ይጽፉታል። ገጹ አንድ ቋንቋ ጫማ አድርጎ ሌላው በባዶ እግሩ የቆመበት ይመስላል። የሚገርመው፣ ከላቲን ፊደላት ሁሉ ለግዕዝ የሚቀርበው ያ ባለክሩ ነው፤ ሁለቱም ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው ይቀጥናል፣ ጥላቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የሚለያዩት እግራቸው ላይ ነው። ላቲኑ ቋሚው ሥር ጠፍጣፋ ዘንግ ይተክላል፤ የእኛ እግር ግን ብዕሩ ተኝቶ ሲያልቅ በትንሹ ሰያፍ ተቆርጦ ይቀራል። ግዕዝን ለማዘመን ብለው የላቲኑን እግር የሚለጥፉበት አሉ። እኔ አይጥመኝም፤ እግሩ ላይ ዘንግ ሲተከል ለሣልሱና ለኃምሱ ቅጥያ የሚሆን ቦታ ይያዛል፤ ቢ ላይ ያለው ዘንግ ነው ወይስ ድምፅ?

ሥራው 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ300 ይዘላል። ካዕብና ራብዕ ሕግ አላቸው፤ ሳድስ ሕግ የለውም፤ ህ፣ ል፣ ም፣ ስ፣ ብ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ መ ነው። ሁለቱ ዓይኖቹ ጎን ለጎን ሲዞሩ ወፍራሙ የት ይሁን? ብዕሩን ከተከተልክ አራት ወፍራም ጎን ይወጣል፤ ፊደሉ ጠቁሮ ከጎረቤቶቹ ይለያል። ባለሦስት እግሮቹ ሐ፣ ጠና ጨም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ቋሚ ያላቸውን በትንሹ ማቅጠን፣ ባለአንድ እግሮቹን ተና ነን ማወፈር ያስፈልጋል፤ አንባቢው ልዩነቱን ካየው ሥራው አልተሳካም። ቅጥያዎቹ ላይ ስደርስ ግን አላመነታሁም። የጋሼን ሽብልቅ አደረግሁላቸው። ክሩን የቻለውን ያህል አቀጠንኩት፤ ጫፉ ላይ ግን ከእግሩ ውፍረት ግማሽ የሚሆን ሽብልቅ ሰቀልኩ። ሸና ጀ ራስ ላይ ላለው አግዳሚም በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ። የአዲስ አበባ ባልደረቦቼ ጌጥ መሰላቸው። በደካማ ፕሪንተር አትሜ አሳየኋቸው፤ ክሩ ጠፍቶ ሽብልቁ ቀርቷል፣ ኸዲጃ ኸዲጃ ናት።

ከዚያ የጉሙዝኛ ፊደላት አሉ። የግዕዝ ፊደል ለጉሙዝኛ ሲዘጋጅ አማርኛ የሌለው ድምፅ ስላለው ተጨማሪ ቅርጾች ተፈጥረውለታል። እነዚያ ቅርጾች እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒኮድ 6.0 ሲወጣ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከባስኬቶ ፊደላት ጋር ተካተዋል፤ ከተጨመሩት 32ቱ 14ቱ የጉሙዝኛ ናቸው፣ ሁለት ፊደል በሰባት ሰባት ድምፅ። ክልላችን በስሙ የሚጠራ ሕዝብ ፊደል ስለሆነ ብዙ ፎንት ሠሪ ቢዘልለውም እኔ መዝለል ከበደኝ። ዛሬ በክልሉ ትምህርት ቤቶች በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ስለዚህ 14ቱን የሚጠቀም ሰው ጥቂት እንደሚሆን አውቃለሁ። በትናንሽ መጠን የታተሙ ናሙናዎች ሳይ እነዚህም ከነባሮቹ የሚለዩት በጥቃቅን ጭማሪ ነው፤ ጭማሪው ቀጭን ከሆነ ጉሙዙ ገጽ ላይ አማርኛ ይሆናል። ሽብልቁን እዚህ ከሁሉ ይበልጥ አወፈርኩት። ሚዛን አፈረሰ ቢባልም ይሁን አልኩ።

ክሩ የማይኖርበት ቦታም አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ አሶሳ ላይ ባነር የሌለበት አደባባይ፣ የምርቃት እብነ በረድ የሌለበት ግድግዳ የለም። እብነ በረድ ላይ ፊደል የሚቀርጹት በመሮ ወይም በማሽን ነው፤ ቀጭኑ መስመር ሲቀረጽ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ሳይፈረፈር ከተረፈም የሚሞላው ጥቁር ቀለም አይገባበትም። ከፕሎተር የሚወጣ ስቲከርም እንደዚያው፤ ክሩ ከመስታወቱ ሲላጥ አብሮ ይቀደዳል። ለእነዚህ ሁሉ ጉልሑ አይሆንም። ስለዚህ ሁለተኛ ፋይል ሠራሁ፤ ክሩ የእግሩን ሲሶ ያህል የሆነ፣ ዓይኖቹ የተከፈቱ፣ ቅጥያው የረዘመ። ስሙን ረቂቅ አልኩት፣ የመጀመሪያውን ጉልሕ። ከፋይሉ ጋር አንዲት ማሳሰቢያ አያያዝኩ፦ ጉልሑን ከ30 በታች አትጠቀሙበት፤ ለሐተታ፣ ለድንጋይና ለስቲከር ረቂቁን ውሰዱ።

ጋሼ ፎንቱን አላዩትም። ጉልሑን በወረቀት አትሜ ለልጃቸው ልኬላት ነበር፤ ብሩሻቸውን ያቆየችው እሷ ናት። «የአባቴን ሱ በኮምፒውተር አየሁት» አለችኝ በስልክ፣ ከዚያ ስለ ማሽላው ዋጋ ተነጋገርን።

ፎንቱን መጀመሪያ ገዝቶ የተጠቀመበት ሰው አሶሳ ላይ ካርድና ባነር የሚያትም ወጣት ነው። አንድ ማታ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ፊደልህ ቆንጆ ነው፤ ግን ካርዱ ላይ ቀጫጭኑ አልወጣልኝም።»

«በስንት አደረግኸው?»

«አድራሻውን በ9። ቦታ ጠበበኛ።»

«ማሳሰቢያዋን አላየሃትም?»

«የቱን ማሳሰቢያ?»

ረቂቁን እንዲጠቀም ነገርኩት፤ ካርዱን አስተካክሎ ፎቶውን ላከልኝ፣ ጥሩ ወጥቷል። በሳምንቱ ሌላ ፎቶ ላከ፤ ለራሱ ሱቅ የዘረጋው ባነር ነው፣ ፊደሉ አንድ ሜትር ይሆናል። ያንኑ ረቂቅ ነው የዘረጋው። ለምን ጉልሑን እንዳልተጠቀመ ጠየቅሁት። «ይኼኛው አያስቸግርም» አለኝ። ጉልሑን ከኮምፒውተሩ ላይ ጨርሶ አጥፍቶታል።